ወደ ኋላ የመታኋት ኳስ

ያን ጊዜ የሠላሳ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ጎረምሳ የሚባል ሰው አለ ወይ ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ፤ ክርክር ከጀመርኩ ማቆም የማልችል ሰው እንደነበርኩ አሁን ትሰማላችሁ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ ዓለም፣ የምሠራው አምቦ፣ ሥራዬም የመሬት ቅየሳ ነበር። በሥራዬ ማንም አያማኝም። ጠባዬን ግን የሚያማ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

እልኸኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ከጉደር ወደ አምቦ ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት «ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው» አለን። እኔ «ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራተኛ አይጨመርም» ብዬ ድርቅ አልኩ። ተሳፋሪው ሁሉ «ተው ወንድሜ፣ ሩብ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ» እያለ ለመነኝ። አልሰማሁም። ወረድኩና አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግሬ ሄድኩ። ከኋላዬ የመጡት መኪኖች ሁሉ ቆመውልኝ ነበር፤ «አልፈልግም» አልኳቸው። አምቦ ስገባ የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ነበር። እኔ ግን ያሸነፍኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት።

ከኦቦ ገመቹ ጋር የተዋወቅነው በሥራ ምክንያት ነው። ጊንጪ አጠገብ፣ የጭልሞ ደን ከሚያበቃበት ሜዳ ዳር መለኪያዬን ተክዬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሳነጣጥር፣ አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ ከሰማይ ወርዳ እግሬ ሥር አረፈች። ትንሽ ቆይተው ባርኔጣ ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ ዱላ ይዘው መጡ።

«አካም ጅርታ! አትንካት!» አሉኝ፣ ሰላምታውንና ትእዛዙን አንድ ላይ አድርገው።

ኦቦ ገመቹ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ሠላሳ ዓመት ሣር ሲያጭዱና ሲያስተካክሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አንድ ቦርሳ ያረጀ የጎልፍ ዱላ ይዘው ወደ ትውልድ ቦታቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። በቤተሰባቸው የግጦሽ መሬት ላይ የወተት ዱቄት ጣሳ እየቀበሩ ስድስት ጉድጓድ ሠሩ። ባንዲራውን ከማዳበሪያ ጆንያ ቀደዱ። ሣሩን ላሞቻቸው ያጭዱላቸዋል። ጎልፍ ለማታውቁ ሰዎች፣ ጨዋታው ትንሿን ኳስ በዱላ እየመቱ ሩቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው፤ በጥቂት ምት የከተተ ያሸንፋል። ሌላ ሚስጥር የለውም። እኔም በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዱላ ጨበጥኩ፣ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአምቦ ጊንጪ መመላለስ ሆነ ሥራዬ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያመላልሰኝ ጎልፍ ብቻ ነበር ብል ግን ውሸት ነው። የኦቦ ገመቹ ልጅ ሌንሳ ጊንጪ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ቅዳሜ አባቷ ቤት ትመጣለች። ዝም ብላ የምታይ፣ ስትናገር ግን አንድ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ሁለት ዓመት ተዋደድን። ላገባት ቆርጬ ነበር፤ እሷም እንደምትወደኝ አውቃለሁ። የቀረን ወግ ማድረስ ብቻ መሰለኝ።

አሁን ስለ አራተኛዋ ጉድጓድ ልንገራችሁ። አምስቱን ጉድጓዶች እንደ ማንም ሰው እጫወታለሁ። አራተኛዋ ላይ ስደርስ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። በስተቀኝ የአጋም ቁጥቋጦ አለ፣ እሾሁ ሸሚዝ የሚተለትል። መሀል ላይ ወንዝ ያቋርጣል፣ ጉድጓዷ ከወንዙ ማዶ አቀበቱ ላይ ናት። ኳሴ ምን እንደሚስባት አላውቅም፣ በቀጥታ አጋሙ ውስጥ ትገባለች። እኔም ተከትያት እገባለሁ። ከዚያ እዚያው ሆኜ፣ በእሾህና በቅርንጫፍ መሀል ወደ ጉድጓዷ አነጣጥሬ እመታለሁ። ትነጥርና የባሰ ቦታ ትገባለች። ደግሜ እመታለሁ። እሰልሳለሁ። አንድ ቀን አሥራ አራት ምት ደረስኩ። በዚያው ቀን ዱላውን ወንዝ ውስጥ ወርውሬ፣ የኦቦ ገመቹ ንብረት መሆኑ ትዝ ሲለኝ በሥራ ጫማዬ ገብቼ አወጣሁት። ሌንሳ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ታይ ነበር። አልሳቀችም።

ኦቦ ገመቹ ስንት ጊዜ መክረውኛል። «ቀያሽ፣» ይሉኛል፣ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፣ «አንድ ጊዜ መሳት የማንም ሰው ነው። ሁለተኛውን ማን አዘዘህ? ኳሷ አጋም ከገባች ወደ ጎን፣ ካልሆነም ወደ ኋላ፣ ወደ ሣሩ አውጣት። አንድ ምት ሄደ፣ አለቀ። አንተ ግን ያችን አንዷን አስመልሳለሁ ስትል ስምንት ትጨምርበታለህ።»

ወደ ኋላ! ጉድጓዷ ከፊቴ ሆና ባንዲራዋ እየተውለበለበች ጀርባዬን ሰጥቼ ልምታ? ለእኔ ይህ ከጦር ሜዳ እንደመሸሽ ያለ ነውር ነበር። «እሺ» እላቸዋለሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው አጋም ውስጥ ስዳክር ያገኙኛል። ሌላም ሕግ ነበራቸው፣ እሱን አስታውሱልኝ፤ ለመምታት ብለህ ዱላ ከሰነዘርክ ኳሷን ነካሃትም አልነካሃትም አንድ ምት ተቆጥሯል።

ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ከአዲስ ዓለም ያለ ጃንጥላቸው የትም አይሄዱም። ሁለተኛው ጊንጪ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ከድር፣ የማያውቁት ሰው የሌለ፣ የማይወዳቸውም ሰው የሌለ። ሦስተኛው ኦቦ ቶለራ፣ በሹፍርና ጡረታ የወጡ፣ በሁለቱም ቋንቋ አንደበታቸው የሚጣፍጥ። ከእነዚህ ሦስት ሰዎች የሚያመልጥ አባት የለም ብዬ ተማምኜ ነበር።

በመጀመሪያው ጊዜ ኦቦ ገመቹ «ዘመድ ላማክር» አሉ። ይህ የወጉ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ግን ሽማግሌዎቼ ግራ ገብቷቸው ተመለሱ።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ ጋሽ ወርቁ ጃንጥላቸውን መሬት እየወጉ፣ «የዚህን ሰውዬ ጉድጓድ ምን አድርገህ ነው?»

«የምን ጉድጓድ?»

«‹ልጁን እወደዋለሁ፣ ግን አራተኛዋ ጉድጓድ ላይ አይቼዋለሁ› አለን። እኛ ምን ብለን እንመልስ? ሰው ገድሎ ቀብሮ ይሆን እንዴ ብለን ተያየን።»

ኦቦ ቶለራ ነገሩን አብራሩልኝ። ኦቦ ገመቹ ያሉት ይህን ነው፤ ልጁ በሚመጣው ቅዳሜ ስድስቱንም ጉድጓድ ይጫወት። ያሸንፈኝ አልልም። በአንዷም ጉድጓድ ከስምንት ምት እንዳያልፍ ብቻ። እናንተም አብራችሁ ዙሩ፣ መልሱን እዚያው ትሰማላችሁ። ሦስተኛ ጊዜ ነውና ከዚያ በኋላ መምጣት የለም።

ስምንት! ለሌላ ሰው ስምንት ምት ውርደት ነው። እኔ ግን አራተኛዋ ላይ ከአሥራ አንድ በታች ገብቼ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላልኝ አለ። ሌንሳ ጋ ደወልኩና «አባትሽን አንድ ነገር በያቸው እንጂ» አልኳት።

«ቅዳሜ እንገናኝ» አለችኝና ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ደረስን። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራና ጃንጥላ ይዘው፣ ከላሞቹ አጠገብ ተሰልፈዋል። እንዲህ ያለ ተመልካች የነበረው የጎልፍ ተጫዋች በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። እንደ ወጉ «እሺ» የሚል ቃል ሳይሰሙ ከዚያ ቤት እህል ውሃ አይቀምሱም። የኦቦ ገመቹ ባለቤት ጭኮና እርጎ አዘጋጅተው በበሩ በኩል ብቅ እያሉ ያያሉ፣ ሽማግሌዎቹም ወደዚያ ላለማየት አንገታቸውን ያዞራሉ። ሌንሳ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ምቱን የምትቆጥረው እሷ ናት ተባለ። ሰላም ስላት ፈተና እንደሚቆጣጠር መምህር አየችኝ።

ሐጂ ከድር በኩላቸው ልጅቷን አላመኑም መሰለኝ፣ «እኔም እቆጥራለሁ» አሉ። ከቤታቸው የሽምብራ ቆሎ በግራ ኪሳቸው ሞልተው መጥተዋል፤ አንድ በመታሁ ቁጥር አንድ ሽምብራ ወደ ቀኝ ኪሳቸው ያዛውራሉ፣ ጉድጓዱ ሲያልቅ ሁሉንም ወደ ግራ ይመልሳሉ።

የመጀመሪያዋን በአምስት፣ ሁለተኛዋን በስድስት፣ ሦስተኛዋን በአምስት ገባሁ። ሽማግሌዎቼ ነገሩ እየጣማቸው መጣ። ጋሽ ወርቁ «ይቺማ የገና ጨዋታ ናት፣ ልዩነቷ ማንም አይሮጥም» አሉ። ኦቦ ቶለራ ኳሷን ከመምታቴ በፊት ሁሉ በኦሮምኛ ይመርቋታል። ኦቦ ገመቹ ከእኔ ጋር እየተጫወቱ ነው፣ ግን ስለ ራሳቸው ጨዋታ ግድ አልነበራቸውም። አንድም ቃል አልመከሩኝም።

አራተኛዋ ላይ ደረስን።

ዱላውን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ብዬ ለራሴ ነገርኩ። መታሁ። ኳሷ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብላ ሄደችና፣ የሚጠራት ሰው እንዳለ ሁሉ ወደ ቀኝ ታጥፋ አጋሙ ውስጥ ገባች።

«አንድ» አለች ሌንሳ።

«የት ገባች?» አሉ ሐጂ ከድር።

«ቤቷ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ሌሎቹ ውጭ ቀሩ። ኳሷ ከአንድ ግንድ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። በቅርንጫፎቹ መሀል አንዲት ቀዳዳ ነበረች፣ በእሷ በኩል ባንዲራዋ ትታየኛለች። ያቺ ቀዳዳ ናት ሁልጊዜ የምታታልለኝ። «በዚህች በኩል ከወጣች በአምስት ምት እጨርሳለሁ፣ ሁሉም ጉድ ይላል» አልኩ። ሰነዘርኩ። ዱላው በኳሷ አናት ላይ አልፎ ሄደ። ቅጠል እንኳ አልተንኮሻኮሸም። ደሜ ፈላ። ወዲያው ደገምኩ። አሁን ነካኋት፤ ግንዱን መትታ ቀጭ ብላ ጮኸችና ከነበረችበት የባሰ ጥልቅ ውስጥ ተወሸቀች።

«ሁለት!» የሚል የሌንሳ ድምፅ ከውጭ ሰማሁ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

እሾሁ እጅጌዬን ቀዶታል። ጆሮዬ ይግላል። ያቺን ስሜት አውቃታለሁ፤ ከጉደር ሚኒባስ ያወረደችኝ ናት። ዱላውን ለሌላ ምት አነሳሁ፤ በዚህ አያያዜ አሥራ አራት ቀርቶ ሃያም አይበቃኝም ነበር። በዚያች ቀዳዳ በኩል ባንዲራዋን ልፈልግ ቀና ስል ግን ሌንሳን አየኋት። ደብተሯን በጣቷ ላይ ዘግታ መሬት መሬት ታያለች። ተናዳ ቢሆን ደግ ነበር። አዝና ቢሆን ደግ ነበር። የለመደ ሰው ፊት ነበር የምታሳየው። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ አውቃ እስኪያልቅ የምትጠብቅ ሰው ፊት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የደነገጥኩበት ጊዜ የለም። ይህች ሴት እኔን ለምዳኛለች። ዕድሜዋን ሁሉ በዚህ ፊት እንድትቆም ነው ሽማግሌ የላክሁባት?

ዱላውን አወረድኩ። ዞርኩ። ለባንዲራዋ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ በመጣሁበት በኩል ወዳለው ክፍት ሣር ቀስ አድርጌ መታኋት። ኳሷ እየተንከባለለች ወጥታ ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር ቆመች።

ውጭ ትርምስ ሆነ።

«ኧረ ወደ ኋላ መታ!» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ልጄ፣ ጉድጓዱ በዚያ ነው! በዚያ!» ጃንጥላቸውን ወደ ማዶ ይወጋሉ።

«ፀሐይ መታው እንዴ?» አሉ ሐጂ ከድር።

ኦቦ ገመቹ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉና መልሰው አጠለቁት።

ከአጋሙ ስወጣ ወንዙ ከፊቴ ነበር። አሻግሬ መምታት አማረኝ፤ ክንዴ በላኝ። ግን አንዴ ካፈርኩ ብዬ ትንሽ ምት መትቼ ከወንዙ ወዲህ አቆምኳት። ሽማግሌዎቼ እንደገና አጉረመረሙ። ቀጥሎ ተሻገረች። ቀጥሎ አቀበቱን ወጥታ ከጣሳው አምስት እርምጃ ላይ ቆመች። ቀጥሎ በጣሳው ጠርዝ ታክካ አንድ ክንድ አለፈች። የቀረችኝ አንዲት ትንሽ ምት ናት።

«ሰባት መታህ» አለች ሌንሳ።

ሽማግሌዎቹ ጣሳዋን ከበቡ። ይህቺ ከገባች ስምንት ናት፣ ልጅቷ የእኔ ናት። እኔ ግን በልቤ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። አጋሙ ውስጥ፣ ወደ ኋላ ከመምታቴ በፊት፣ ሁለት ጊዜ ሰንዝሬያለሁ። የመጀመሪያዋን ማንም አላያትም፤ ቅጠል እንኳ አልነካችም። ስምንት መትቻለሁ እንጂ ሰባት አይደለም።

ጎንበስ ብዬ ኳሷን አየሁ፣ ጣሳዋን አየሁ። ገፋ አደረግኳት። ገባች፣ ጣሳው ውስጥ ኳ ብላ ጮኸች።

ጋሽ ወርቁ እልልታ ሊያቀልጡ ምንም አልቀራቸው። ኦቦ ቶለራ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ሐጂ ከድር ደግሞ የቀኝ ኪሳቸውን ገልብጠው ቆጠሩና «ሰባት ነው! ከልኩም በታች ነው!» ብለው ጮኹ።

«ስምንት ነው ሐጂ» አለች ሌንሳ።

«ሰባት ነው ልጄ፣ ሽምብራ አይዋሽም!»

«ሐጂ፣» አሉ ኦቦ ቶለራ ቀስ ብለው፣ «ወንዙን ስንሻገር አንድ ነገር ሲያኝኩ አይቻለሁ።»

ሐጂ አፋቸውን ጠረግ አደረጉ። «ከገዛ ኪሴ ነው፣ ከዚህ ቤት አልቀመስኩም» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፣ እኔም ጭምር። ሳቁ ሲበርድ ነው የተናገርኩት።

«ዘጠኝ ነው» አልኩ። «አጋሙ ውስጥ አንዴ ሰንዝሬ ስቻለሁ። አላያችሁም።»

ላም ሣር ስትነጭ ይሰማል። ጋሽ ወርቁ እጄን ሳብ አድርገው በጆሮዬ «ማን ጠየቀህ?» አሉኝ። እውነት ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ግን ያን የለመደኝን ፊቷን ካየሁ በኋላ፣ በተሰረቀች አንዲት ምት ቤቷ መግባት አስጠላኝ።

ይሄኔ ሽማግሌዎቼ ሙያቸው ትዝ አላቸው። ኦቦ ቶለራ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከኦቦ ገመቹ ፊት ቆሙ፣ ሁለቱም ከኋላቸው ተሰለፉ። ደም ሲያደርቁ፣ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ እንደሚያደርጉት ሣር ነጭተው ያዙ።

«ኦቦ ገመቹ፣ ልጁ አጥፍቷል። ጥፋቱን ግን በገዛ አፉ አምኗል። ስለ ሽማግሌ ብለው አንዷን ምት ይማሩት።»

«ስለ ጋቢያችን!» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«እኛ ምሕረት ለምነን ባዶ እጃችንን ተመልሰን አናውቅም» አሉ ሐጂ ከድር።

ኦቦ ገመቹ ተጨነቁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሠሩበት የጎልፍ ሜዳ ሽማግሌ ተልኮ ምሕረት ያገኘ ምት አይተው አያውቁም፤ ሽማግሌን እንቢ ማለት ደግሞ እንዴት ይቻላቸዋል? ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አጠለቁ፣ አወለቁ። በመጨረሻ «ቆጣሪዋ እሷ ናት። እሷን ለምኑ» አሉ።

ሦስቱም ሣራቸውን ይዘው ወደ ሌንሳ ዞሩ።

«ዘጠኝ ብዬ ጽፌዋለሁ» አለች ደብተሩን ሳትገልጥ። «በእስክሪብቶ ነው። አይጠፋም።»

አለቀ። የድሮው እኔ ብሆን ኖሮ ዱላውን ወንዙ ውስጥ ከትቼ በእግሬ አምቦ እገባ ነበር፤ ከጉደር የበለጠ ሩቅ ነው፣ ግን እገባ ነበር። ወይም ደግሞ «ያልነካኋት ምት ለምን ይቆጠራል» ብዬ እስከ ማታ ክርክር እገጥም ነበር። ኦቦ ገመቹ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ቀያሽ፣ ገና ሁለት ጉድጓድ አለ» አሉኝ።

«ለምን ብዬ?»

«ዘጠኟ እዚያ ጣሳ ውስጥ ቀርታለች። ወደ አምስተኛዋ ይዘሃት አትምጣ።»

እንዴት እንደተጫወትኩ አላውቅም። አምስተኛዋን በአምስት፣ ስድስተኛዋን በአራት ገባሁ። በአራት ገብቼ አላውቅም ነበር። የሚጨበጨብለት ምት ነበር፣ ማንም አላጨበጨበም። ሽማግሌዎቼ ከቀብር እንደሚመለስ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ይከተሉናል።

ከትልቁ ዝግባ ሥር ተቀመጥን። ኦቦ ቶለራ ተነሱና በደከመ ድምፅ፣ ወግ እንዳይጎድል ያህል፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቁ። ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ፣» አሉ፣ «ገና በመጀመሪያው ቀን በልቤ እሺ ብዬ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔ ወደ ሌንሳ ዞርኩ።

«እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። ደብተሯን እቅፏ ላይ አድርጋለች። «ስምንት ያልኩትም እኔ ነኝ። አባቴ በእኔ ፈንታ ክፉ ሰው ሆነልኝ። አሥራ አራት ሲመታ ቆሜ አይቻለሁ። በየምቱ ፊቱ ሲጠቁር አይቻለሁ። ይህ ሰው አንድ ቀን ከእኔ ጋር ቢጣላ የት ላይ ነው የሚያቆመው ብዬ ፈራሁ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«ነግሬህ ነበር። ሦስት ጊዜ። እልኸኛ አይደለሁም ብለህ እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከርከኝ።»

ሐጂ ከድር ሳቃቸውን በጋቢያቸው ደበቁት። ጋሽ ወርቁ ግን የሚስቁበት አንጀት አልነበራቸውም። «እንግዲህ ምን ይደረጋል ልጄ፣ ዘጠኝ መታ» አሉ።

«ዘጠኝ መታ» አለች። «ግን ወደ ኋላም መታ። ሁለት ዓመት የጠበቅኳት እሷን ምት ነበር።» ከዚያ ወደ ሐጂ ከድር ዞረች። «ሐጂ፣ የቀረውን ሽምብራዎን አሁን በግልጽ ይብሉት። እናቴም ጭኮውን ታምጣ።»

ነገሩን ከሁላችን በፊት የተረዱት ሐጂ ናቸው። ሁለቱንም ኪሳቸውን እቅፋቸው ላይ ገለበጡ። እናትየው በሩ ላይ ሆነው እልል አሉ። ጋሽ ወርቁ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ዝናብም ፀሐይም ሳይኖር፣ ከሥሩ ገብተው አለቀሱ። እኔ? እኔ የተቀደደ እጅጌዬን ስነካካ ቀረሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመልሰው ቃል አጣሁ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ መልአክ ሆንኩ አልላችሁም። አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ግን አንዴ የሳትኩትን ላካክስ ብዬ ሁለተኛ ስህተት ከመጨመሬ በፊት ያቺ ፊት ትመጣብኛለች። ባለፈው ዓመት አንድ ማሳ ስለካ ችካል ተሳስቼ ተክዬ ኖሮ፣ ባለቤቱ ሲነግሩኝ አፌ «የእኔ መሣሪያ አይሳሳትም» ሊል ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት። በማግስቱ ሄጄ ነቀልኩና በትክክለኛው ቦታ ተከልኩት፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ድሮ ቢሆን ግማሽ ዓመት ይፈጅ ነበር። ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ሲልም እጠጋለሁ። ቤት ውስጥ ስንጨቃጨቅ ሌንሳ ድምፅዋን አትጨምርም፤ «ስንተኛህ ነው?» ትለኛለች። እኔም እቆጥርና፣ ሦስተኛዬ ከሆነ ወደ ሣሩ እወጣለሁ። እናንተም አጋም ውስጥ ከሆናችሁ ያቺን ቀዳዳ አትመኗት። ባንዲራዋ የምትታይበት ሁሉ መውጫ አይደለም። ወደ ኋላ የሚያወጣ መንገድ ሰው ፊት ያሳፍራል፣ ግን ያሳፈረኝ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ግን አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ እውነቱ ይጎድላል። ሌንሳ ዘንድሮ ጎልፍ ጀምራለች። ባለፈው ቅዳሜ አራተኛዋ ላይ ኳሷ አጋሙ ውስጥ ገባች። እሷም ተከትላት ገባች። ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዱላው ቅርንጫፍ ሲሰብር ሰማሁ፣ ግንድ ሲመታ ሰማሁ፣ ደግሞ ሰማሁ።

«ስንተኛሽ ነው?» አልኩ በለሰለሰ ድምፅ።

ከአጋሙ ውስጥ መልስ አልመጣም። የመጣው ዱላው ነው፤ በአናቴ ላይ አልፎ ወንዙ ውስጥ ጠለቀ። ኦቦ ገመቹ በሳቅ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ዱላውን አወጣሁላት። ያቺን ጉድጓድ በአሥራ ሦስት ጨረሰች። ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛ፣ ከትዳራችን ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው የልመና ድምፅ፣ «ሁለቷን እንኳ ተውልኝ» አለችኝ።

ደብተሩን ዘጋሁት። «በእስክሪብቶ ነው» አልኳት።